ሞተሩን ይጠብቅ የነበረው ድራም መቺ

ስልኩ ሲጮህ ምስር እየለቀምኩ ነበር። እህቴ የሺአረግ ናት።

«ሸዌ፣ ሞረዳ ዐረፈ» አለችኝ። 

እኔም «መጣሁ» አልኳት። ስልኩን አስቀምጬ የቀረውን ምስር ለቅሜ ጨረስኩ። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ከዚያ እጄን ታጠብኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ።

በለቅሶው ላይ ስለ እህቴ ባል ብዙ ተባለ። ዕድር መርቷል፤ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ለተቸገረ ዱቄት አይከለክልም ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ድራም ይመታ እንደነበር ግን አንድም ሰው አላነሳም። የሚያውቁት አብዛኞቹ ቀድመውታል። ለልጅ ልጁ ስነግራት «አባባ? ሮክ?» ብላ በለቅሶ ቤት ሳቀች፤ ደንግጣም አፏን በእጇ ያዘች። ሳቂ አልኳት። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው። እሱ ቢኖር፣ የሚስቱ እህት ነኝና፣ «ዋርሳ፣ ዱቄቱን እንዳትረሺ» ይለኝ ስለነበር ከዱቄቱ ልጀምር።

በ1961 ዓ.ም. ነቀምቴ ውስጥ ቤታችን ጨለለቂ ሰፈር ነበር፤ ከአቶ ጨመዳ ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ በአንድ አጥር ተለይተን። አባታችን አበጋዝ የቡልጋ ሰው ነው። ድጓ የተማረ፣ በየበዓሉ ከመዘምራኑ ጋር የሚቆም፣ እንጀራውን ግን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሚበላ ሰው ነበር። የማይወደው ሁለት ነገር ነው፤ የተሳሳተ ዜማና ያልተሰማ ክስ። ሦስተኛ ጨምር ቢሉት የጨመዳን ሞተር ይጨምራል።

ሞተሩ አርጅቷል። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ ይልና አራተኛውን ይውጠዋል። ዝም ያለ ሲመስል እንደገና ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። አባቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለ ቁጥር «ይሄ አንካሳ ደግሞ ተነሣ» እያለ ይረግመው ነበር። እናታችን ምንትዋብ «ሲረግመው እንኳ በሱ ምት ነው» ብላ ታሾፍበታለች። እውነቷን ነበር። ሦስት ቃል ይልና ትንፋሹን ይውጣል።

ያንን ሞተር የሚያስነሳውና እህሉን የሚያፈሰው ሞረዳ ነው። የኑኑ ቁምባ አገር ልጅ ነው፤ ለትምህርት ነቀምቴ መጥቶ ወፍጮ ቤት ቀረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ቅንድቡ ሁልጊዜ በዱቄት ስለሚነጣ አንድ ነገር የገረመው ይመስል ነበር። ሥራ ሲፈታ በሁለት እንጨት የእህል መስፈሪያውን ቆርቆሮ ይደበድባል። ከሞተሩ ጋር ነዋ። ሞተሩ አራተኛውን ሲውጥ እሱ ይሞላለታል።

ባንዱ የተጀመረው በዚህ ነው። ኢዶሳ የሚባል አስተማሪ ነበር፤ በሚሲዮን መዘምራን ውስጥ ጊታር የለመደ። ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ጊታር አስመጥቶ የሚሰካበት አጣ። የከተማው መብራት ቀን አይሰጥም፤ ማታ ሲሰጥ ደግሞ ያከራየችው ሴትዮ «ቤቴን ልታቃጥል ነው?» ትለዋለች። ጨመዳ ወፍጮ ቤት ግን በሞተሩ የምትዞር ትንሽ ዲናሞ ነበረች። ኢዶሳ ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ ነመራ መጣ፤ አናጢ ነው። ቤዝ ጊታሩን ከዋንዛ እንጨት ራሱ ጠርቦ ሠርቷል። ሲሸከመው አልጋ የሚያጓጉዝ ይመስል ነበር። ሞረዳም ጡረታ ከወጣ የማርሽ ሙዚቀኛ አሮጌ ድራም አገኘ፤ የተቀደደውን የትልቁን ከበሮ ፊት በፍየል ቆዳ ለወጠው። ቆዳው ዝናብ በሸተተው ቁጥር ስለሚላላ ከመመታቱ በፊት ፀሐይ ይሞቃል።

ለራሳቸው «ሶርጋ ባንድ» የሚል ስም አወጡ። ሰፈሩ «የዱቄት ባንድ» አላቸው። የጸናው የሰፈሩ ነው።

የሚጫወቱት ኢዶሳ ከሬዲዮና ከሸክላ የለቀመውን ሮክ ነበር። አንዳንዱን በአማርኛ፣ የሚበዛውን የሠርግ ዘፈን ግጥም እያስገቡበት በኦሮምኛ፣ አንድ ሁለቱን ደግሞ ኢዶሳ ራሱ በማይገባው እንግሊዝኛ ይዘፍኑታል። ፍጥነቱን የሚወስነው እህሉ ነው። በቆሎ ሲገባ ሞተሩ ይከብደዋል፤ ዘፈኑም ይዘገያል። ጤፍ ሲገባ ሞተሩ ይቀለዋል፤ ዘፈኑም ይሮጣል። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ይህን ቶሎ ነቁበት።

«ኢዶሳ፣ ያንን የበቆሎውን ድገምልን!»

«በቆሎ አለቀ፣ አዴ። አሁን የጤፍ ነው።»

«እንግዲያው የኔን በቆሎ አስቀድሙልኝ!»

ከማዶ ሰፈር ሁለት ወፍጮ አልፈው ይመጡ ጀመር። ጨመዳ መጀመሪያ «ወፍጮ ቤቴን ጭፈራ ቤት አደረጋችሁት» ብሎ ነበር፤ በኋላ አግዳሚ ወንበር አሠራላቸው።

ከሁሉ የተመላለሰችው ግን የሺአረግ ናት። እናቴ አንድ ቀን ጆንያዋን አይታ «ይህ ቤት ስንት አፍ ነው ያለው? ሽሮው እስከ ፋሲካ ይበቃል እኮ!» አለቻት። የሺ «በደንብ አልላመም» ብላ የተፈጨውን ሽሮ ተሸክማ ወጣች። የላመ ሽሮ ሁለተኛ ሲፈጭ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሞረዳም ደግሞ ፈጨላት። በመካከላቸው የታየ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ሌላውን በድራም ይላት ነበር።

ሞረዳ ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጨመዳ ነበር። ጠዋት መጡ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ አበጋዝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሞተርህ አስነስቶኝ ነው የተነሣሁት።»

ጨመዳ ሳቀ፤ አባቴ አልሳቀም። ጉዳዩ ተነገረ። አባቴ ሰማና «ልጄን ለከበሮ መቺ አልሰጥም» አለ።

«አንተስ በበዓል ቀን ከበሮ አይደል የምትመታው?»

«እኔ የምመታው ለእግዚአብሔር ነው። እሱ የሚመታው ለእግር ነው።»

ስለ እኛ ቤተ ክርስቲያንና ስለ እነሱ ሚሲዮን የተደረገውን ክርክር ሌላ ሰው ይጻፈው፤ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ግን ተመልሶ ከበሮው ላይ ቆመ። አባቴ የሚለው ቁርጥ ያለ ነው፤ ዱቄቱ ይታጠባል፣ ከበሮ መቺነት ግን ከቤት ስም ላይ አይታጠብም። የሺ ከጓዳ በር ጀርባ ቆማ እጄን ጨብጣ ትሰማለች። ጣቶቼን አደነዘዘቻቸው።

ጨመዳ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞረና «ኦቦ አበጋዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ ፍርድ ቤት ክሱን ሳትሰሙ ትፈርዳላችሁ?» አለው።

አባቴ መልሱን ያውቃል፤ አልወደደውም እንጂ።

«የዳግም ትንሣኤ ዕለት ከቀትር በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይጫወታሉ። መጥተህ ስማና ፍረድ።»

«እሰማለሁ» አለ አባቴ። «ከሰማሁ በኋላ ግን ሁለተኛ ሽማግሌ የለም።»

እንግዲህ የሺና የሞረዳ ነገር በዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ተንጠለጠለ።

የዳግም ትንሣኤ ዕለት አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ መቋሚያውን በቦታው አኖረ፤ ከዘራውን አነሣ። እኔን በቀኙ፣ የሺን በግራው አድርጎ ሄድን። «ልጆቹን ሊጠብቅ መጣ» እንዲባልለት ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ላይ ሹማምንቱ፣ መካከል አስተማሪዎችና ነጋዴዎች፣ ከኋላ የወፍጮ ቤቱ ሴቶች በሙሉ። ለፕሮግራሙ ሲባል የከተማው መብራት ከቀትር ጀምሮ ተለቋል። አምፑሉ ሁሉ በርቷል፤ አምፕሊፋየሩ እፍ ይላል። ሦስቱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሞረዳን ቅንድቡ ጥቁር ሆኖ ሳየው አላወቅኩትም።

ኢዶሳ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ። ጊታሩን መታ። ሞረዳ መምቻዎቹን አነሣ።

ከዚያ ዝም።

ኢዶሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሞረዳ መምቻዎቹን እንዳነሣ ነው። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጓል፤ ሰው ከሩቅ ሲጠሩት ለመስማት እንደሚያደርገው።

«ምታ እንጂ!» አለ ኢዶሳ በጥርሱ።

«ቆይ።»

«ምኑን ነው የምቆየው?»

ሞረዳ ሞተሩን ነበር የሚጠብቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሞተሩ አንድም ቀን ተጫውተው አያውቁም፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ይህን አላሰቡትም። ጊታሩን አስበዋል፣ ሸሚዙን አስበዋል፣ የፍየል ቆዳውን ሲያሞቁ ነው ያረፈዱት። ሞተሩን ያሰበው የለም።

በግድ ጀመረ። ፈጠነ። እንደፈጠነ ሲገባው ቆመ። ነመራ ኢዶሳን ይከተል ሞረዳን ይከተል ጠፋው፤ ዋንዛው በመካከል ብቻውን ይጎረብጣል። ፊት የተቀመጡት ሹማምንት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሳቅ ከመካከል ተነሣ። ከዚያ ከኋላ አንዲት የወፍጮ ቤት ደንበኛ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፤

«ሞተሩን አስነሱለት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሺ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ አባቴን አየሁት። ጺሙ ውስጥ ፈገግ ብሏል፤ ክሱ በአጭሩ የተዘጋለት ሰው ፈገግታ።

ግን ሞረዳ አላቆመም። እየሳቱ፣ እየጣሉ፣ ቀጠሉ። የአባቴ ፈገግታ ቀስ በቀስ ሄደ። ግንባሩ ተቋጠረ። ይህን ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ዜማ የሚያስተምራቸው ልጆች ሲስቱ የሚያሳየው ነው። የሰው ስሕተት እሱን ያመዋል። ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወደ ጣሪያው አየ።

ከዘራው ወለሉን መታ።

ወለሉ ጣውላ ነው። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፤ ዝም። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ፤ ዝም።

የጨመዳ ሞተር ራሱ ነበር። አባቴ በየቀኑ ሲረግመው የኖረው አንካሳ ምት፣ አንዲት ሳትጎድል፣ ሳትጨመር። ሞረዳ ቀና አለ። ድምፁ ከየት እንደመጣ አልፈለገም፤ ገባበት ብቻ። አራተኛው ላይ ሞላ። ነመራ ተከተለ። ኢዶሳ ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባውን ቀና አደረገ። ያን ጊዜ ነው ሮክ የሰማነው።

የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ተነሡ። «የጤፉ ነው! የጤፉ ነው!» እያሉ አግዳሚውን ወደ ጎን ገፉ። አስተማሪዎቹ ተነሡ። አንዱ ሹም ባርኔጣውን ጎረቤቱ ጭን ላይ አስቀምጦ ገባ። አባቴ ብቻ አልተነሣም። አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል፤ እጁና ከዘራው የእሱ እንዳልሆኑ ሁሉ። ዘፈን በመጣ ቁጥር ግን ከዘራው ይጀምራል። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ፍጥነት ሲጨምር አየሁት፤ ሞረዳም ጨመረ። እልል ተባለ።

ሲያልቅ አባቴ «እንሂድ» አለ። ከዘራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እስከ ቤት ከፊታችን ሄደ።

«እንዴት ነበር?» አለች እናቴ።

«ልጁ መስማት ያውቃል» አለ፤ ጫማውን እያወለቀ።

በማግስቱ ጨመዳ ሲሮጥ መጣ። «እህሳ፣ ኦቦ አበጋዝ! ፍርዱ?»

«ፍርዱ ይቆያል። የሰማሁት እሱን አይደለም፤ የራሴን ከዘራ ነው። ያለ ሞተር፣ ያለ ከዘራ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይምታልኝ። ያን ጊዜ እፈርዳለሁ።»

«ቶሌ! ይሁን!» አለ ጨመዳ። «በሚቀጥለው ጊዜ አዳራሹ ውስጥ…»

አዳራሹ ግን አልሆነም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ካህን አባቴን ጠርተው «አበጋዝ፣ በመቋሚያ ለዘፈን ወለል መታህ ይባላል» አሉት። «ከዘራዬ ነው እንጂ መቋሚያዬ አይደለም» አላቸው። ይህን መልስ ከተማው አንድ ወር ሳቀበት። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሰው በተሰበሰበበት ሙዚቃ እግሩን አላነሣም፤ ምሎ ነበር። ፈተናው እቤት ይሆናል ተባለ። ለጊዜው ግን ሞረዳ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይማር።

እንዲህ ሆነ። ሞረዳ ታጥቦ፣ ቅንድቡ ጠቁሮ፣ በረንዳችን ላይ ባዶ የሳሙና ሳጥን ፊት ይቀመጣል። አባቴ ጣቱን ያነሣል።

«ቀስ። ምን ያስሮጥሃል? ጅብ አየህ?»

«ጤፍ መስሎኝ ነው፣ አባባ።»

«እዚህ ጤፍ የለም! እህሉን ከራስህ ውስጥ አውጣ!»

የሺ ከበሩ ጀርባ ትቀመጣለች። ሳጥኑ ከጊዜ በኋላ መሐሉ ጎደጎደ።

ክረምት መግቢያ ላይ ሞተሩ ተሰበረ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ፤ ሴቶቹ ወደ ማዶዎቹ ወፍጮዎች ተመለሱ፤ ጨለለቂ ጸጥ አለ። አባቴ «ተመስገን» ይላል ብለን ስንጠብቅ ከምሳ በኋላ ጋደም ይልና ይገላበጣል። ይነሣል። ውሃ ይጠጣል። መጽሐፍ ይገልጣል፤ ይዘጋል። በሁለተኛው ሳምንት እናታችንን ያለምክንያት ተቆጣት፤ የማያደርገው ነው።

እሑድ ሞረዳ መጣ። አባቴ ዓይኑ ቀልቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። «በል ምታ» አለው።

ሞረዳ ትምህርቱን አልመታም። ለምን እንደሆነ በኋላ ሲጠየቅ «ሞተሩ ናፍቆኝ ነው» ነበር መልሱ። ሳጥኑን በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ አደረገ፤ አራተኛውን ዋጠ። እንደገና። ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ ማንም ሳይመራው። የአባቴ አገጭ ደረቱ ላይ ወረደ። ወዲያው አንኮራፋ።

ሞረዳ ግራ ገብቶት እናቴን አየ። እናቴ በእጇ «ቀጥል» አለችው። ማቆም ስላልደፈረ ጣቱ እስኪላጥ ቀጠለ። እናቴ የአባቴን እግር በጋቢ ሸፈነችና በሹክሹክታ «ይሄን ልጅማ ከቤት ማስወጣት የለብንም» አለች። የሺን ያን ቀን ያህል ቀልታ አይቻት አላውቅም።

አባቴ ነቅቶ ሁላችንንም አየን። ማፈሩን ያወቅነው ጉሮሮውን በመጥረጉ ነው።

«ያለ ሞተር፣ ያለ ከዘራ መታልህ» አለች እናቴ።

«ተኝቼ ነበር። ያልሰማሁትን አልፈርድም።» ከዚያ ጋቢውን እያጠፈ ጨመረ፤ «ልጅቷን ይውሰድ። ፈተናው ግን አልቀረለትም።»

ከፍልሰታ በኋላ ተጋቡ። ሙሽራ በሠርጉ ድራም አይመታምና ሶርጋ ባንድ ያለ ድራም ተጫወተ፤ ነመራ ዋንዛውን እየጎተተ በላብ ታጠበ። የዱቄት ባንድ ከዚያ በኋላ ጊምቢ ተጫውቷል፣ ነጆ ተጫውቷል፣ ሻምቡም ሄዷል። በዝናብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ላይ ሆነው ቆዳውን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ሲያቅፉት የሺ አይታለች። ሞረዳ ያለ ሞተር ይመታ ነበር፤ ጥሩ አድርጎ ይመታ ነበር አሉ። አባቴ አልሰማውም። ሞረዳ ከየከተማው ሲመለስ እያየ «ፈተናህ መቼ ነው?» ይለዋል። ሞረዳ «ቆዳውን ልለውጥና» ይላል። በፋሲካ «ፈተናህ መቼ ነው?» በመስቀል «ፈተናህ መቼ ነው?» ፋሲካም መስቀልም አለ፤ ቆዳውም አለ። የሁለቱ ሰላምታ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ሰላምታ በላይ የሚዋደዱበት ነገር ስላልነበራቸው ይመስለኛል አንዳቸውም ሊጨርሱት ያልፈለጉት።

ከዚያ 1966 መጣ። ኢዶሳ ደምቢ ዶሎ ተዛወረ። ነመራ ዋንዛውን ሰንጥቆ ለልጁ አልጋ ሠራበት፤ መጀመሪያም አልጋ ይመስል ነበር። ድራሙ የእህቴ ቤት ጣሪያ ሥር ተሰቀለ። አባቴ በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ። በለቅሶው ላይ ሞረዳ ከዘራውን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞት ቆየና ለእኔ ሰጠኝ።

ዓመታት አለፉ። ጨመዳ ሲያረጅ ሞረዳ ወፍጮውን ገዛው። ያ ሞተር ተጥሎ ኤሌክትሪክ ገባ፤ ቱክ የሚለው ድምፅ ከሰፈሩ ጠፋ። ባለፈው መስቀል እቤቴ መጥቶ ነበር። ከዘራውን በር አጠገብ ቆሞ ሲያየው «ፈተናህ መቼ ነው?» አልኩት፤ አባቴን መስዬ። ሳቀ።

«ዘንድሮ፣ ዋርሳ። ቆዳ አግኝቻለሁ። የአባባን ወንበር ታወጪና ከዘራውን ታስቀምጪበታለሽ፤ እኔ እመታለሁ። አንድ ዘፈን። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

ቆዳው የእህቴ ቤት ጓሮ ገመድ ላይ ደርቆ ተሰቅሏል። ከለቅሶው ወጥቼ ስሄድ አየሁት። ድራሙ ላይ አልተወጠረም። ወንበሩ እኔ ዘንድ ነው፤ ከዘራውም እኔ ዘንድ ነው። ፈተናው አልተደረገም።